ጋሼ ሊሄዱ ነው፤ ቡድኑን ተረከቢ ተባልኩ

ውድ አማካሪ፣

ዕድሜዬ 28 ነው። በአንድ የታዳጊዎች መረብ ኳስ ክለብ ውስጥ ከ16 ዓመት በታች የሴቶች ቡድን ምክትል አሰልጣኝ ሆኜ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የውድድር ዘመኑ ካለቀ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ግማሽ ፍጻሜ ላይ በአምስተኛው ዙር 15 ለ 13 ተሸንፈን ወጣን፤ ልጆቹ እያለቀሱ ነው የተለያየነው። በሦስተኛው ቀን ዋና አሰልጣኛችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ከዚህ በኋላ እንደማይቀጥሉ ተናገሩ። ክለቡን አሥራ አንድ ዓመት የያዙት እሳቸው ናቸው። ሳምንት ሳይሞላ ኮሚቴው ጠርቶ "ቡድኑን ተረከቢ" አለኝ። እሺ አልኩ።

እሺ ካልኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ከእኔ በፊት የገባ፣ በዕድሜም የሚበልጠኝ ሌላ ምክትል አለ። ቦታው ለእሱ እንደሚሰጥ ሁሉም ይጠብቅ ነበር። አሁን ከሰላምታ በቀር አያናግረኝም። ሊቀመንበሩ ደግሞ የዘመኑን መዝጊያና የእኔን ሹመት በአንድ ቀን፣ በአንድ መድረክ እንጨርሰው ይላሉ፤ እኔን ልቤ አልወደደውም። ሌላም ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ የኖረ ነገር አለ። ሴተር ማለት ለአጥቂዎቹ ኳስ የምታመቻች ተጫዋች ናት፤ ጋሼ ሁልጊዜ በአራት አጥቂና በሁለት ሴተር፣ በአራት ለሁለት ነው የሚያጫውቱት። እኔ በአንድ ሴተር፣ በአምስት ለአንድ መጫወት አለብን ብዬ አምናለሁ። ያን ካደረግኩ ግን ከሁለቱ ሴተሮች አንዷ ቦታዋን ታጣለች፤ እሷም የቡድኑ አምበል ናት። ወሬው ከየት እንደወጣ አላውቅም፣ እናቷ ከወዲሁ ደውለው "ልጄ በሚመጣው ዓመት ትሰለፋለች አይደል?" አሉኝ። ደንግጬ "አይዞዎት፣ ምንም አይቀየርም" አልኳቸው።

ጋሼን ሳላሳንስ፣ ልጆቹን ሳላስቀይም ከየት ልጀምር?

ምክትሏ ነኝ


ውድ እህቴ፣

ሐዘንና ሹመት በአንድ ሳምንት ገብተውብሻል። ያ 15 ለ 13 ያመመው ልጆቹን ብቻ አይደለም፤ አንቺም አራት ዓመት የለፋሽበት ቡድን ነው። የምታከብሪያቸው ሰው ሊሄዱ ነው፣ ባልደረባሽ ፊቱን አዞረብሽ፣ ደስ ሊልሽ የሚገባው ዜና ደስ ሳይልሽ ቀረ። እንቅልፍ ብታጪ አይገርምም። ከጭንቀትሽ ውስጥ እኔ አጉልቼ የማየው ልጆቹንም ጋሼንም መውደድሽን ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ጥሩ ስንቅ ነው።

ደብዳቤሽ ብዙ ጥያቄ የያዘ ይመስላል። እኔ ግን አብዛኛው በተራ የሚፈታ መስሎኛል፦ ማን፣ ምኑን፣ መቼ፣ ከማን አፍ ይስማ? ትክክለኛ ውሳኔ እንኳ በተሳሳተ ተራ ከተሰማ ቂም ይወልዳል። እንግዲህ በተራ እንየው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ስልክ የመደወል ዕዳ አለብሽ።

ለአምበሏ እናት "ምንም አይቀየርም" ብለሻቸዋል። በድንጋጤ ያልሽው ነው፣ ማንም በአንቺ ቦታ ሆኖ ሊለው ይችላል። ነገር ግን በልብሽ ለውጥ ይዘሽ ነው የምትዞሪውና ያ ቃል በቆየ ቁጥር ይከብድሻል። ከሁለት ወር በኋላ ልጅቷ ተጠባባቂ ብትሆን እናትየዋ የሚያስታውሱት ቃልሽን ነው። በዚህ ሳምንት ደውዪላቸው። "ባለፈው ሲደውሉ ተቻኩዬ መለስኩልዎት። ለሚመጣው ዓመት የማንንም ቦታ ገና አልወሰንኩም፣ ስለዚህ ቃል ልገባልዎት አልችልም። ስወስን ግን መጀመሪያ የምትሰማው ራሷ ልጅዎ ናት፣ ከእኔው አፍ" በያቸው። በዚሁ ይብቃ። አጥብቀው ከጠየቁሽ ያንኑ ድገሚላቸው እንጂ አዲስ ነገር አትጨምሪ። ስለ አምስት ለአንድ አንዲት ቃል ካመለጠችሽ በዚያው ማታ የሁሉም ልጆች ቤት ትደርሳለች።

ቀጥሎ ባልደረባሽ ነው፤ ከመዝጊያው ቀን በፊት መነጋገር አለባችሁ። ኮሚቴው ውሳኔውን ለእሱ እንዴት እንደነገረው ታውቂያለሽ? ወይስ እሱም እንደ ልጆቹ ከወሬ ነው የሰማው? መጀመሪያ ይህን ከሊቀመንበሩ አጣሪ። ሰው ቦታውን ከማጣቱ ይልቅ ማንም ቁጭ አድርጎ ሳይነግረው መቅረቱ ሊከፋው ይችላል። ካልነገሩት ይነግሩት፤ የኮሚቴውን ሥራ አንቺ አትሸከሚ። ከዚያ ለብቻችሁ፣ ልጆች በሌሉበት ተገናኙ። "ይህ ለአንተ ነበር የሚገባው" አትበይው። ከልብሽ ከሆነ "ታዲያ ለምን ተቀበልሽ?" ይልሻል፣ ከልብሽ ካልሆነ ደግሞ ሽንገላ መሆኑ ይታወቃል። "የጠበቅከው ይህ እንዳልነበር አውቃለሁ። ዓመቱን ከአንተ ጋር ብሠራ ደስ ይለኛል፤ አንተስ ምን ትፈልጋለህ?" በዪውና ዝም በዪ። ዝምታው ይረዝም ይሆናል፤ አንቺ አትስበሪው።

እቀጥላለሁ ካለ የምትሰጪው ኃላፊነት የእውነት ይሁን። ለእንዲህ ያለ ሰው "ታግዘኛለህ" ማለት ያሳንሰዋል። አንዱን ክፍል ሙሉ ለሙሉ ስጪው፤ ለምሳሌ ሰርቭ (ተጋጣሚ ጨዋታውን የሚያስጀምርበትን ምት) መቀበልንና የኋላ መከላከልን። በየልምምዱ 30 ደቂቃ የእሱ ይሁን፤ መልመጃውን ራሱ ይምረጥ፣ ቁጥሩን ራሱ ይያዝ፣ አንቺም በመሐል አትግቢበት። የጨዋታ ቀኑንም ከአሁኑ ተነጋገሩበት። በአንድ ዙር የሚፈቀደው ሁለት ታይም አውት ነው፣ እያንዳንዱም 30 ሰከንድ። ልጆቹ ወደ አግዳሚው መጥተው ውሃ እስኪያነሡ አሥሩ ሰከንድ ይሄዳል። በቀረው ሃያ ሰከንድ ሁለት አሰልጣኞች ሁለት ነገር ከተናገሩ ልጆቹ አንዱንም ሳይዙ ይመለሳሉ። እሱ ያየውን ለአንቺ ይንገርሽ፣ ለልጆቹ አንቺ አንድ ነገር ብቻ ተናገሪ፤ የሐሳብ ልዩነት ሲኖራችሁ ከሜዳ ውጭ ተነጋገሩ። ይህን በአንድ ገጽ ወረቀት አስፍራችሁ ሁለታችሁም ያዙት። ምናልባት "አልቀጥልም" ይልሽ ይሆናል። ያኔ አትለማመጪው፤ ሁለት ሳምንት እንዲያስብበት ጠይቂውና መልሱን ተቀበዪ። ተቀይሞ ከሚቆይ ተከብሮ ቢሄድ ለልጆቹም ለእሱም ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ስለ መዝጊያው ቀን ልብሽ እውነቱን ነግሮሻል። ልጆቹ ጋሼን ሊሰናበቱ በመጡበት ቀን አንቺ ተነሥተሽ "በሚመጣው ዓመት እንዲህ እናደርጋለን" ካልሽ የምትናገሪው ሁሉ በጋሼ ላይ የተሰጠ ፍርድ መስሎ ይሰማል። በሌላ በኩል ማን እንደሚረከባቸው ሳያውቁ ወደ ቤት ቢሄዱ ክፍተቱን ወሬ ይሞላዋል። ስለዚህ ሹመቱ ይነገር፣ ዕቅዱ ግን ይቆይ። ሊቀመንበሩን "ቀኑ የጋሼና የልጆቹ ይሁን፤ በመጨረሻ ጋሼ ራሳቸው በሁለት ዓረፍተ ነገር እኔ እንደምረከብ ይንገሩ፤ እኔ አመስግኜ እቀመጣለሁ" በያቸው። ወላጆች ያሉበት የአዲሱ ዘመን ስብሰባ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይጠራ፣ ቀኑ ግን እዚያው መዝጊያው ላይ ይነገር። ሁለቱን ማጣመር የፈለጉት ምናልባት ወላጆች ሁለት ጊዜ አይመጡም ብለው ሠግተው ይሆናል፤ ቀንና ቦታ ይዘሽ ከቀረብሽ ሥጋታቸው ይቀላል።

ቀኑን ከጨዋታ ጀምሩት። ሽንፈት ያልወጣላቸው ልጆች ተቀምጠው ንግግር ሲሰሙ ይብስባቸዋል። መረቡን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ልጆቹን ከወላጆቻቸውና ከታናናሾቹ ቡድን ጋር ቀላቅላችሁ፣ አራት ለአራት፣ እስከ 15 ነጥብ፣ ለአርባ ደቂቃ ያህል አጫውቷቸው። ከዚያ ጋሼ ይናገሩ። ኮከብ ተጫዋች ብቻ ሸልሞ መዝጋት፣ በተለይ ከእንዲህ ያለ ሽንፈት በኋላ፣ አንዷን አስደስቶ የቀሩትን ባዶ እጃቸውን ይሰዳል። ይልቅ ለእያንዳንዷ አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑር፦ ዘመኑ ሲጀመር የማትችለው፣ አሁን የምትችለው ነገር። "ጎበዝ ልጅ ነሽ" ማለት እዚህ ላይ አይበቃም። "መጀመሪያ ላይ ከላይ የምትመቺው ሰርቭ መረቡ ጋ ይቀር ነበር፤ አሁን ተጋጣሚ ኳስ ተቀባይ ሊቤሮዋን እያስጠጋ ነው የሚጠብቅሽ" የሚል ቃል ግን ልጅቷ ለዓመታት ትይዘዋለች። አሥራ አራት ልጆች ቢኖሩ ለእያንዳንዷ አንድ ደቂቃ ቢሰጥ ሩብ ሰዓት አይሞላም። አንቺና ጋሼ አስቀድማችሁ በትናንሽ ካርዶች ጻፉት። በቃል ከሆነ እምብዛም ሜዳ ያልገባችዋ ልጅ ትዘለላለች፣ ወይም "እሷም ጎበዝ ናት" ተብላ ትታለፋለች። አግዳሚ ላይ ተቀምጣ መዝገብ ስትይዝላችሁ የኖረች ልጅ ካለች የእሷን ካርድ ከሁሉም አስቀድሙ።

ዕድሜያቸው ከምድቡ የሚያልፉትንም አትርሺ። ወደ ትልቁ ቡድን የምታልፍ፣ ሙከራ የሚጠብቃት፣ ቦታ የማይኖራት፣ ሁሉም ቁርጧን ከመዝጊያው በፊት በግል ትስማ። ጓደኞቿ ስለሚመጣው ዓመት ሲያወሩ "እኔስ?" ብላ የምትቆም ልጅ እንዳትኖር።

ካርዶቹን ለመጻፍ ከጋሼ ጋር መቀመጣችሁ ለሌላም ነገር በር ይከፍታል። የአሥራ አንድ ዓመቱ አብዛኛው ነገር ያለው በጭንቅላታቸው ነው። ሁለት ቀጠሮ ጠይቂያቸው፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል፤ አንዱ ስለ ልጆቹ፣ ሌላው ስለ ክለቡ ሥራ። ከጉልበቷ ሎሚ በታች የሚያማት ማን ናት? ቁርጭምጭሚቷ ደጋግሞ የዞረባት ማን ናት? ስትቆጪያት የምትበረታዋ፣ ስትቆጪያት የምትፈርሰዋ እነማን ናቸው? ከምሽት ልምምድ በኋላ ማን ማንን ይዞ ይሄዳል? ለየትኛው ወላጅ ምን ቃል ተገብቷል? በሁለተኛው ቀን ደግሞ የጤና ቅጾቹና የአደጋ ጊዜ ስልኮቹ የት እንዳሉ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ በስንት ሰው እጅ እንዳለ፣ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ፣ የውጤት ወረቀቶቹ የት እንደተቀመጡ ጠይቂ። ኳሶቹንም አብራችሁ ቁጠሩ፣ ግፊታቸውንም በመለኪያ ፈትሹ። ደንቡ ከ0.30 እስከ 0.325 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ የተነፋ ኳስ የልጆቹን ክንድ ያሳምማል፣ ከክንዳቸውም አጉል ይነጥራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን "ሞክረውት አልሠራ ያለዎት ነገር ምን ነበር?" በያቸው። የሁለት ሴተሩም ምክንያት ከዚያ ይወጣ ይሆናል። ምናልባት አምስት ለአንድን ከዓመታት በፊት ሞክረው የተዉበት ምክንያት አላቸው። መልሳቸው ሐሳብሽን ባያስቀይርሽ እንኳ ለልጆቹ ስታስረጂ ጋሼን ሳትነኪ የምትናገሪበት ቃል ይሰጥሻል።

ስለ አጨዋወቱ ለውጥ ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ጭንቀትሽ ከዚህ ጋር በእጅጉ የተያያዘ ነው። አራት ለሁለት ላይ ሁለቱ ሴተሮች ተቃራኒ ቦታ ስለሚቆሙ ሁልጊዜ አንዷ ከፊት መስመር ናት፣ የምታመቻቸውም እሷ ናት። ቀላልና ለጀማሪ የሚመች ነው፤ ከፊት የሚመቱት ግን ሁልጊዜ ሁለት ብቻ ይሆናሉ። በአምስት ለአንድ ሴተሯ ከኋላ በምትሆንባቸው ሦስት ሮቴሽኖች (ተጫዋቾቹ ቦታ እየተቀያየሩ ከሚቆሙባቸው ስድስት አሰላለፎች በሦስቱ) ከፊት ሦስት አጥቂዎች ታገኚያለሽ። ኳስም ሁልጊዜ ከአንድ እጅ ስለሚወጣ አጥቂዎቹ መነሻ ጊዜያቸውን ይለምዱታል። ሐሳብሽ ትክክል ነው፣ ቡድን ሲያድግ አካሄዱ ወደዚያ ነው። የሚያስከፍለውን ደግሞ እንየው።

ከቁጥር 5 ቦታ፣ ከኋላ ግራው ጥግ፣ ተነሥታ ወደ መረቡ የምትሮጥ ሴተር ረጅም መንገድ አለባት። ስለሚረዝምባት ትቸኩላለች፤ ሰርቩ ሳይመታ ከፊቷ ካለችው ልጅ አልፋ ወደ መረቡ ከተጠጋች የቦታ ጥፋት ይነፋባታል፣ ነጥቡም ይሄዳል። ሌላው የልማድ ጉዳይ ነው። የእናንተ ሴተሮች ሲያመቻቹ የኖሩት ከፊት መስመር ሆነው ስለሆነ በሁለተኛው ንክኪ ኳሱን ወደ ማዶ ጣል ማድረግ ሁልጊዜ ተፈቅዶላቸው ነበር። ከኋላ መስመር የመጣች ሴተር ግን ከመረቡ እስከ ሦስት ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ሆና ሙሉ በሙሉ ከመረቡ አናት በላይ ያለን ኳስ ወደ ማዶ መላክ አይፈቀድላትም፤ ብሎክ (መረቡ ላይ ዘሎ የተጋጣሚን ኳስ መከልከል) ላይም መሳተፍ አትችልም። እጇ የለመደውን እስክትተው ድረስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዚህ ብቻ ነጥብ ትጥላላችሁ። ከሁሉም የሚከብደው ግን ኳስ መቀበሉ ነው። ከኋላ እየሮጠች የምትመጣ ሴተር ጥሩ ኳስ ካልደረሳት ሦስቱ አጥቂዎች በወረቀት ላይ ይቀራሉ።

ስለዚህ ከመወሰንሽ በፊት ቁጠሪ። የመጨረሻዎቹን አምስት ስድስት ጨዋታዎች ቪዲዮ ወይም መዝገብ ውሰጂና እያንዳንዱን የሰርቭ አቀባበል ከ0 እስከ 3 ስጪው። ሴተሯ ሁሉንም አጥቂ መምረጥ የምትችልበት 3፣ ትንሽ ተንቀሳቅሳ ሁለት ምርጫ የሚቀርላት 2፣ ከፍ አድርጎ ወደ ዳር ከመላክ በቀር ምርጫ የማይሰጥ 1፣ በቀጥታ የጠፋ ኳስ 0። ደምረሽ ለኳሶቹ ብዛት አካፍዪው። 40 ኳስ ተቀብላችሁ ድምሩ 62 ቢሆን አማካዩ 1.55 ነው። በዚህ ቁጥር አምስት ለአንድ ብትጀምሪ ሸክሙን ሴተሯ ላይ መጣል ነው የሚሆነው፤ ሥራው ያለው አቀባበሉ ላይ ነው። ወደ 2 ከተጠጋ ለውጡ ፍሬ ሊያፈራ ይችላል። የውጤት ወረቀቱን ደግሞ በሮቴሽን ለይተሽ አስቀምጪ፦ በእያንዳንዱ ስንት ነጥብ አገኛችሁ፣ ስንት አጣችሁ? ስድስቱን ጎን ለጎን ስታዪያቸው አንድ ሮቴሽን ብቻ እየጎተታችሁ እንደኖረ ልታገኚ ትችያለሽ። ያኔ ዘዴውን ሁሉ ሳታፈርሺ የሁለት ልጆችን ቦታ በመለዋወጥ ብቻ የሚስተካከል ሊሆን ይችላል።

መሸጋገሪያም አለ። ስድስት ለሁለት ላይ ሁለቱም ሴተሮች ይቆያሉ፣ የምታመቻቸው ግን ከኋላ መስመር ያለችዋ ናት፤ ስለዚህ ከፊት ሁልጊዜ ሦስት አጥቂ አለሽ። ከኋላ ገብቶ ማመቻቸትን ሁለቱም ይለማመዳሉ፣ አንቺም ማን እንደሚሳካላት በዓይንሽ ታያለሽ። የሚያስቸግረው ሴተሮቹ ከፊት ሲሆኑ መምታት ካልቻሉ ነው። በቅያሪ ልሸፍነው ካልሽ በዓለም አቀፉ ደንብ በአንድ ዙር ስድስት ቅያሪ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ከጅምሩ የተሰለፈች ልጅም ወጥታ መመለስ የምትችለው አንድ ጊዜ ነው። ሁለቱን ለሁለት ቀይረሽ ስትመልሺ አራቱ ያልቃል፣ በዚያው ዙር እነሱኑ መድገም አትችዪም። በታዳጊዎች ውድድር የሚለይ ደንብ ስለሚኖር የሊጋችሁን መመሪያ አስቀድመሽ አንብቢ።

አሁን ወደ አምበሏ እንምጣ። አንድ ነገር ያረጋጋሽ፦ አምበልነቷና ሴተርነቷ ተለያይተው ሊቆሙ ይችላሉ። የቡድን አምበል ሜዳ ውስጥ በማትሆንበት ጊዜ አሰልጣኟ የጨዋታ አምበል ትሰይማለች፤ ያቺ ልጅ ግን የቡድኑ አምበል እንደሆነች ትቀጥላለች። ዕረፍቱ እንዳለቀ፣ ለቡድኑ ምንም ከመናገርሽ በፊት፣ ሁለቱን ሴተሮች በየተራ አነጋግሪ። አምበሏን በጥያቄ ጀምሪ፦ "ሴተርነት ላይ የምትወጂው ምኑን ነው?" ኳስ ማከፋፈሉን ከወደደች አንድ መልስ ነው፤ መሐል ሆና ሁሉም እንዲያያት ከፈለገች ሌላ መልስ ነው፤ "ጋሼ ስላስቀመጡኝ ነው" ካለች ደግሞ የምትከፍቺው ሌላ በር አለ። ከሴተሯ ተቃራኒ የምትቆም ተጫዋች፣ ሴተሯ የመጀመሪያውን ኳስ ስታነሣ ሁለተኛውን የምታመቻች፣ በቀኝ በኩል የምትመታና ብሎክ የምታደርግ፣ ለቀድሞ ሴተር የሚስማማ ቦታ ነው። ይህን ግን እንደ ማጽናኛ አታቅርቢው፤ ትከሻዋና ዝላይዋ ለዚያ እንደሚሆን ካመንሽ ብቻ ንገሪያት።

ውድድር ከሆነ መመዘኛው ከመጀመሪያው ቀን ይታወቅ። ከ20 ኳስ ስንቱ ከመረቡ ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ርቆ ለዳር አጥቂዋ ይደርሳል፤ ከቁጥር 5 ሮጣ መጥታ ስንቱን በእጇ ታገኛለች፤ ኳስ ሲበላሽ ለጓደኞቿ ምን ትላለች። ስድስት ሳምንት ስጪያቸው፣ በየሳምንቱ ቁጥሩን ለሁለቱም አሳዪ፣ በመጨረሻው ቀን ወስኚ። ልጆችን ከውሳኔው በላይ የሚያደክማቸው ሳይነገራቸው መጠበቁ ነው። ስታለቅስ ብታዪያት ቃልሽን ለማለሳለስ አትቸኩዪ፤ አጠገቧ ቁጭ በዪና "ሲያምሽ ይገባኛል፣ ነገ ደግሞ እንነጋገራለን" በያት፣ በማግስቱም ቀጠሮሽን ጠብቂ።

ለቀሩትም ልጆች ለእያንዳንዷ አሥራ አምስት ደቂቃ ያዢ፣ ሌላ ሰው ሊያያችሁ በሚችልበት ቦታ፤ ሜዳው ዳር ጥሩ ነው። ምን ደስ አላት፣ ምን ከበዳት፣ በሚመጣው ዓመት ምን መቻል ትፈልጋለች? ከዚያ በላይ አያስፈልግም። የምትይውን ከምትሰሚው አሳንሺ፣ እንደተለያያችሁም ወዲያው ጻፊው።

ይህን ሁሉ ለመጀመር አትጣደፊ። የአምስት ዙር ጨዋታ ተጫውተው የወጡ የሚያድጉ ሰውነቶች ናቸው። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ከኳስ ሙሉ በሙሉ ይረፉ፤ መዋኘት፣ መሮጥ፣ ብስክሌት ቢያምራቸው ይሁን። ከተመለሱ በኋላም በሳምንት ቢያንስ አንድ ሁለት የዕረፍት ቀን ይኑራቸው፤ የሳምንት የልምምድ ሰዓታቸው ከዕድሜያቸው ቁጥር እንዳይበልጥ የሚለው የሕፃናት ሐኪሞች መመዘኛም ጥሩ ልጓም ነው። ጉልበቷን ያማታል የተባለችዋን ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝላይዋን ቀንሺላት፤ ሕመሙ ካልለቀቃት ሐኪም ይያት።

ከጋሼ ጋር አንድ የሚከብድ ንግግር ቀርቶሻል። ልምምድ ለማየት መምጣታቸው አይቀርም፣ ልጆቹም ኳስ በሳቱ ቁጥር ዓይናቸው ወደ እሳቸው ይሄዳል። "የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ልጆቹ እኔን እስኪለምዱ ይታገሱኝ፤ በየሁለት ሳምንቱ ግን ልደውልልዎት እፈልጋለሁ" በያቸው። ልጆቹን የሚወዱ ሰው ናቸውና የሚረዱሽ ይመስለኛል። ስልኩንም እንዳታቋርጪው፤ ለእሳቸው ብቻ ሳይሆን ለአንቺም ነው። አሁን ሌሊት ብቻሽን የምታወጪ የምታወርጂውን ነገር የምታዋዪው ሌላ ሰውስ አለሽ?

የመጀመሪያውን ቀን ልምምድ ቀላል አድርጊው፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይለፍ። ስለ አዲስ ዘመን ንግግር አታዘጋጂ። ሰውነት ካፍታቱ በኋላ ሜዳውን ለባልደረባሽ ልቀቂለት፣ 30 ደቂቃውን ሰርቭ ያስቀብላቸው፤ አንቺ ወረቀትና እርሳስ ይዘሽ መስመሩ ዳር ቁሚና ከ0 እስከ 3 መዝግቢ። ሁለቱ ሴተሮች ከኋላ መስመር ቦታዎች፣ ከቁጥር 1፣ ከ6 እና ከ5 እየተነሡ በየተራ ኳሱን ያመቻቹ። ሲጨርሱ ቁጥሩን ሰብስበሽ ንገሪያቸው፣ ቀጥሎም መረቡን ሳታወርዱ አጫውቷቸው።